ድስቴም ይጾማል

የካቲት 15 ቀን 2001፣ እሑድ፣ የሁዳዴ ቅበላ፤ ራቤል

ድስት ሳሽ ዋልኩ። በአመድ፣ በፈላ ውኃ፣ እንደገና በአመድ። ሸክላ የጠጣውን አይረሳም። ቅቤ የጠገበ ድስት ጾም ሲገባ በደንብ ካልታሸ ሽሮው ላይ ቅቤውን ይተፋዋል፤ ታዲያ ያ ምኑን ጾም ሆነ? የፍስኩን ድስት ቆጥ ላይ ሰቀልኩት፣ የጾሙን አወረድኩ። ጎረቤቴ ተሾመች፣ ባለ ሱቋ፣ የሷን ድስት በሳሙና ለቅለቅ አድርጋ «እኔ ጨርሻለሁ፣ እማማ ጥሩሸዋ» ትለኛለች ባጥር ላይ። ድንቄም ጨረሰች! በሳሙና የሚወጣ ነገር ቢሆንማ ቄስ ምን ይሠራ ነበር።

መጻፍ የያዝኩት የማዋራው ሰው ባጣ ነው። በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ብለው ፊደል በግድ አስቆጠሩን። እነሱ ሄዱ፣ ፊደሉ ቀረ። ቤት ውስጥ ሁለት የልጅ ልጆች አሉኝ፤ ኮከብ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ሳሌም ሦስት ሊሞላት ነው። እነሱ እንደሆኑ ወሬያቸው ሁሉ ማካሮኒ ነው። አባታቸው ልጄ መኳንንት መሬት ለኪ ነው፣ ገመድ እየጎተተ ቀበሌ ለቀበሌ ይዞራል። እናታቸው ጽዮን መምህርነት ልትማር ደብረ ብርሃን ገብታ እህቷ ቤት ተጠግታለች። እዚያ ጠባብ ነው ተብሎ ልጆቹ ጥር ላይ እኔ ዘንድ ተወረወሩ። «እማዬ፣ አንቺ ዘንድ ገብሱም ወተቱም ሞልቷል» አለኝ ልጄ። ሞልቷል። በላተኛው ነው የጠፋው።

የካቲት 16፣ ሰኞ፣ ኪዳነ ምሕረት

ጾም ገባ። የባቄላ ሽሮ። ሳሌም አንድ ጉርሻ ዋጠች፣ ሁለተኛውን ለድመቷ ሰጠች። ድመቷ አሽትታ ሄደች። ሁለቱም ከተሜ ሆነውብኛል።

የካቲት 18፣ ረቡዕ

የገብስ ገንፎ አገነፋሁ። ገብሱን ራሴ አምሼ፣ ራሴ አስፈጭቼ፣ መሐሉ ላይ ዘይትና በርበሬ። የመንዝና የጊሼ ሰው በዚህ ነው ብርድ የሚችለው። ኮከብ ማንኪያዋን መሐሉ ላይ ተክላ እጇን አነሣች።

«እማማ፣ ማንኪያው ራሱን ችሎ ቆመ።»

«ይቁም! አንቺም እሱን በልተሽ ነው ራስሽን ችለሽ የምትቆሚው።»

«እማዬ ግን ፓስታ ነው የምትሠራልን።»

ፓስታ! ነጭ ገመድ። ለአባታቸው ስጡት፣ መሬት ይለካበት። እናትየዋ ልጆቿን ያስተማረችው ይሄን ነው፤ አሁን ደግሞ የሰው ልጅ ላስተምር ብላ ኮሌጅ ገባች። ተማሪዎቿን እግዜር ይርዳቸው።

ሳሌም ከገንፎው ዳር በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ ጣቷን አየችው። ጣቷን አልላሰችውም። ቀሚሴ ላይ ጠረገችው።

የካቲት 21፣ ቅዳሜ

የጤና ኤክስቴንሽኗ መጣች። ጌታነሽ፣ የጎበዜ ልጅ። እትብቷ ሲቆረጥ እዚያው ነበርኩ፤ አሁን ቦርሳ አንግታ በር ላይ ቆማ «እማማ፣ ሽንት ቤት ቆፍረዋል?» ትለኛለች።

«ቆፍሬያለሁ። ምነው፣ ቸኮልሽ?»

አልሳቀችም። ተምራለቻ። ከቦርሳዋ ጥብጣብ አወጣች፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ያለበት፣ የሳሌምን ክንድ ጠመጠመችበት።

«ቢጫው ላይ ነች፣ እማማ።»

«አባቷም በልጅነቱ ቢጫ ነበር።»

«የመልኳን አይደለም፤ ክንዷ ቀጥኗል ማለቴ ነው። አረንጓዴ ነበር መሆን ያለባት። ቀይ ከገባች ደግሞ ሆስፒታል ነው። እንቁላል ይስጧት፣ በቀን አንድ። ወተትም።»

«በሁዳዴ?»

«ልጅ አትጾምም እኮ።»

«ልጅ አትጾምም። ድስቴ ግን ይጾማል!»

ይሄኔ ሳቀች። በዚህ ነው የምትስቀው። «የፍስኩን ድስት ያውርዱላታ» አለችኝ። ፋሲካ ሳይመጣ! በአንድ ጉልቻ ላይ ጠዋት ሽሮ፣ ማታ እንቁላል! ተሾመች ባጥሩ ቀዳዳ አይታ እስከ መሃል ሜዳ ታዳርሰዋለች። ክንድ መለካትስ ምን ትምህርት ይፈልጋል? የበግ ነጋዴም ወገብ ይዳብሳል፣ ደሞዝ ግን የሚቆርጥለት የለም።

የካቲት 22፣ እሑድ

ሳሌምን ሳጥባት ክንዷን በጣቶቼ ያዝኩት። እንዲሁ ነው። አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ ዞረው ተገናኙ። ተደራረቡም። የኔ ጣት ድሮም ረጅም ነው።

የካቲት 27፣ ዓርብ

መኳንንት መጣ። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፦

«እማዬ፣ ጌታነሽን መንገድ ላይ አገኘኋት። ሳሌም ምን ሆና ነው?»

«ምን ትሆናለች! የቀጭን ዘር ናት። ጌታነሽ አንተን አላየችህም?»

«እንቁላል ይስጧት ብያቸው ነበር አለችኝ።»

«አለችኝ ነው እንጂ! ለአንተ ካለች ምን ቀራት፣ በዓዋጅ ታስነግር።»

ጫማውን ፈታ። ልጄ ሲናደድ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ይሄ ከአባቱ ነው። ቀስ ብሎ፦ «እስከ ፋሲካ ካልተሻላት ደብረ ብርሃን እወስዳቸዋለሁ። በጠባቡም ቢሆን» አለኝ።

«ለምን እስከ ፋሲካ? አሁኑኑ ውሰዳቸው!» አልኩት። ሲሄድ ለስንቁ በሶ ቋጠርኩለት። ቢያንስ አንድ የሚበላ ልጅ አለኝ።

ይውሰዳቸው። እኔ ምን ይቀርብኛል? የዚያች የጽዮን እህት ቤት አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ቴሌቪዥን ነው አሉ። ሁሉም ተሰብስበው ቴሌቪዥኑ ላይ ያፈጣሉ። ይሂዱ። ቤቴ ጸጥ ይላል። ሳሌም ሌሊት ሆዴ ላይ እግሯን እየለጠፈች እንቅልፍ አጥቻለሁ። እግሯ ቀዝቃዛ ነው። እዚያ ቤት ማን ሆድ ላይ እንደምትለጥፈው አላውቅም። የኔ ጉዳይም አይደለም።

መጋቢት 1፣ ማክሰኞ

ከዛሬ ጀምሮ ዘዴ ነው። ጾሙን ሳልነካ አወፍራታለሁ፤ ያቺ ጥብጣብ ታንቃ ትሙት።

ጠዋት የአጃ አጥሚት። ተፋችው። ቀን ቂንጬ በተልባ፤ «አፌ ውስጥ ይንሸራተታል» አለችና አንሸራተተችው፣ ወደ ውጭ። ማታ ድንችና ጎመን። ድንቹን በላች፣ ጎመኑን አንድ በአንድ ለቅማ በጆሮዋ ልትከተው ስትል ደረስኩባት። በጆሮ!

ኮከብ ደግሞ «እኔም እጾማለሁ፣ ሰባት አልፎኛል» ብላ ተነሥታለች። የምትጾመው የማትወደው ምግብ የቀረበ ዕለት ነው። ይሄ የብዙ ሰው ጾም ነው፣ አልፈረድኩባትም።

መጋቢት 3፣ ሐሙስ

አገኘሁት! በሶውን በስኳር ውኃ ለወስኩና ከመጨበጥ ይልቅ በግ አደረግሁት። አራት እግር፣ ላት፣ ለዓይኑ ሁለት ፍሬ ተልባ።

ሳሌም አየችው። «ይናከሳል?»

«በግ መቼ ነክሶ ያውቃል? አንቺ ንከሺው።»

ራሱን ቀነጠሰችው። አላመጠች። ላቱን ጎመደች። «ሌላ በግ» አለች። የጓሳ ቀበሮ ይቺን አያክላትም! እስከ ማታ መንጋ ፈጀች። ኮከብም ጾሟን ረስታ ሁለት አረደች። እስቲ የኮሌጅ መጽሐፍ ውስጥ ይሄ ካለ አሳዩኝ። ፓስታን በግ ማድረግ ይቻላል? አይቻልም።

መጋቢት 5፣ ቅዳሜ፣ አቦ

ጌታነሽ መጣች። ለካች። እንደገና ለካች። ፊቷን አልወደድኩትም።

«ቢጫው ውስጥ ወደ ታች ወርዳለች፣ እማማ።»

«ጥብጣቡ ታጥቦ አጥሮ ይሆናል።»

«ፕላስቲክ ነው። አያጥርም።»

«በሶ በልታለች እኮ! እንደ ወታደር ነው የበላችው!»

«በሶ ኃይል ይሰጣል። ጥሩ ነው። ግን ለዚህ ዕድሜ ብቻውን አይበቃም። እንቁላል፣ እማማ። ዶሮ እያለዎት!»

አዎ፣ ዶሮ አለኝ። ሁዳዴ መግባቱን የነገራቸው የለም፣ ይጥላሉ። ለፋሲካ ብዬ ገብስ ውስጥ እየቀበርኩ አኖረዋለሁ። ወጣቷ ሐኪም ይሄንንም ቆጥራ ሄደች መሰለኝ። ስትወጣ የሳሌምን ራስ ዳበስ አደረገች። ሳሌም ትንሽ ታስላለች። ብርድ ነው።

መጋቢት 8፣ ማክሰኞ

ሳሌም ከመደቡ አልወረደችም። በጎቹን ደረደረቻቸው፣ አልበላቻቸውም። ማሳሉ በዝቷል። ጦስኝ አፈላሁ። ብርድ ነው ብያለሁ።

መጋቢት 10፣ ሐሙስ

ተሾመች ሱቅ ጨው ልገዛ ሄድኩ። ብስኩትም ልገዛ ነበር፤ ጨው ልበለው ለዚህ ደብተር። በሩ ጋ ስደርስ ድምጿን ሰማሁ፣ ለአንዲት ሴት ታወራለች፦

«እንቁላሉን ገብስ ውስጥ ቀበረች፣ አሁን ልጅቷን ልትቀብር ነው። ለድስት ያዘነ ልብ!»

ሳልገባ ተመለስኩ። ያቺ ጥርሳም። ራሷ ለልጆቿ የምታበላው ከረሜላ ነው፣ አፋቸው ውስጥ የቀረ ጥርስ የለም። እሷ እኔን! እኔን ልጅ ማሳደግ ታስተምር!

ወጡ ያለ ጨው ሆነ። ኮከብ «ጨው የለውም» አለች። «ዝም ብለሽ ብዪ!» ብዬ ጮህኩባት። አለቀሰች። ምንም አላጠፋችም ነበር።

መጋቢት 12፣ ቅዳሜ፣ ሚካኤል

ከቅዳሴ በኋላ አባ ገብረ አማኑኤልን ያዝኳቸው፣ የነፍስ አባቴን። ለተሾመችም ለጌታነሽም አፋቸውን የሚዘጋ ቃል ይሰጡኛል ብዬ ነው።

«አባ፣ ጽላቱን የያዘ እጅዎ ይባርከኝ። ሕፃን ልጅ በጾም እንቁላል ብትበላ ድስቱስ እንዴት ይሆናል?»

«ድስትሽ መቼ ክርስትና ተነሣ?»

«አይቀልዱ እንጂ፣ አባ!»

«ሰባት ዓመት ያልሞላት ልጅ ጾም የለባትም። አብያት። እግዚአብሔር የሚጠይቅሽ የልጅቷን ነፍስ ነው፣ የሸክላሽን አይደለም።»

ድሮ ቄስ ሲጠየቅ ይቆጣ ነበር፤ የዛሬ ቄስ እንደ አዝማሪ ይመልሳል። ተናድጄ ስወጣ ባለቤታቸው ወለተኪዳን ደጃፏ ላይ ባቄላ ትፈለፍላለች። ነገርኳት።

«እሱ ምን አለበት!» አለችኝ። «ድስት የሚያጥበው እሱ ነው? እኔ ያን ሁሉ ልጅ ሳሳድግ አንድም ቀን በጾም ድስቴን አላስነካሁ!»

«እሰይ! እንዲህ የሚል ሰው ነው የጠፋው። ታዲያ ልጆችሽ አደጉ አይደል?»

ባቄላውን እየፈለፈለች፣ ቀና ሳትል፦ «ያደጉት አድገዋል» አለች።

መንገዱን ሙሉ ይቺ ቃል ተከተለችኝ። ምን ማለት ነው? ያደጉት አድገዋል። ሞኝ ሴት። የወለደቻቸውን ሁሉ አውቃቸዋለሁ፣ በየስማቸው። ለቅሶም ተቀምጫለሁ። ሦስቴ፣ አራቴ። ቤቷ ለቅሶ በሄድኩ ቁጥር ድስቷ ንጹሕ ነበር።

መጋቢት 13፣ እሑድ

ከጓሮ ኩበት አቀጣጠልኩ። እንቁላል አወጣሁ። ድስት አልነካሁም፤ ማሰሮም፣ ማንኪያም አልነካሁም። ረመጡ ውስጥ ቀበርኩት። እንቁላል ሲፈጠር የራሱን ድስት ይዞ ነው የተፈጠረው፤ ይሄን ቄሱም፣ ቄሷም፣ ባለ ጥብጣቧም አላሰቡትም።

ጧ! ብሎ ፈነዳ፣ አመድ ነጠላዬ ላይ። የሠፈር ውሻ በላው። እሱም ጾመኛ አይደለም።

ሁለተኛውን ጫፉን በወስፌ ጫር አድርጌ ወጋሁት፣ ትንፋሽ እንዲያገኝ። ረመጡንም ሳሳ አደረግሁት። አልፈነዳም። ላጥኩት። መዳፌ ላይ ከተጠበሰ ድንች ጋር አሸሁት፣ ጨው ጣል አደረግሁበት። ሸክላ ይጠጣል፤ መዳፍ ግን ይታጠባል።

«ምንድነው?» አለች ሳሌም፣ ከነጠላዬ ውስጥ።

«የዶሮ በሶ ነው።»

ከመዳፌ ላይ በከንፈሯ ለቀመችው፣ እንደ ግልገል። መዳፌን ላሰችው። እጄን በአመድና በፈላ ውኃ ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። ይሄን የማውቀው እኔና እግዜር ነን። ኮከብም። ለማንም እንዳትናገሪ ብያታለሁ፣ በማርያም አስምያታለሁ።

መጋቢት 17፣ ሐሙስ

በየቀኑ። ወተቱም ከላሟ ጡት በቀጥታ በራሷ ጣሳ ነው፣ የቤቴ ዕቃ አልነካውም።

ተሾመች ባጥር፦ «እማማ፣ የእንቁላል ሽታ ሸተተኝ ልበል?»

«በሁዳዴ እንቁላል የሚሸተው ሰው ሆዱ ምን እያሰበ ነው? አፍንጫሽንም አብረሽ አስጹሚው!»

ቅልት ብላ ገባች። ውሸታም አሮጊት ይሉኛል ነገ። ይበሉ። ማሳሉ ቀንሷል።

መጋቢት 20፣ እሑድ

ኮከብ አስኳል ሰርቃ ከጎተራው ኋላ በላች። እኔ አላየሁም። ዓይኔ ደክሟል። መርፌ ውስጥ ክር ግን አሁንም ያለ ሰው ነው የማስገባው።

ከነገ ሁለት እንቁላል።

መጋቢት 28፣ ሰኞ

ጌታነሽ ለካች። «እማማ!» ብላ ጮኸች። «አረንጓዴውን ነካች! ምን ሰጥተዋት ነው?»

«በሶ» አልኳት።

ጥፍሬ ሥር ያለውን አመድ አየችው። ሳትጠይቀኝ ጥብጣቧን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ለመጀመሪያ ጊዜ የጎበዜ ልጅ ዕውቀት አሳየች።

ሚያዝያ 4፣ እሑድ፣ ሆሳዕና

መኳንንት መጣ። ሳሌም ጀርባው ላይ ወጥታ እንደ ፈረስ ጋለበችው። «እንግዲያው ይቆያሉ፣ እማዬ። ዓመቱን ሙሉ» አለኝ።

«እናንተ ካላችሁ ምን አደርጋለሁ። የኔ ቤት የማን ሆነና» አልኩት፣ ፊቴን ቋጥሬ። ዘንባባውን በሩ ላይ ስሰካ ግን እየዘመርኩ ነበር አሉ። ኮከብ ናት ያለችው፣ ልጅ ይዋሻል።

ጽዮን ለፋሲካ ትመጣለች አለኝ። ትምጣ። ያወፈርኩትን ታየዋለች።

ሚያዝያ 10፣ ቅዳሜ

መጣች። አውቶብሱ አዋራ አልብሷታል። ከስታለች፤ ኮሌጅም እንዲህ ነው የሚያበላ ማለት ነው። በቦርሳዋ ምን ይዛ መጣች? ፓስታ! ኮከብ እየጮኸች አንገቷ ላይ ተንጠለጠለች። ሳሌም ግን ከቀሚሴ ኋላ ገባች።

«ሳሊዬ፣ እማዬ እኮ ነኝ። ነዪ።»

አልወጣችም። አንድ ዓይኗን ብቻ አሳየቻት። ጽዮን እጇን እንደዘረጋች ቆየች። ከጥር ወዲህ ነው፣ ለሕፃን ብዙ ነው። እኔ ምን ላድርጋት? ጥላ የሄደችው እሷ ናት።

ሚያዝያ 11፣ ፋሲካ

ጾም ተፈታ። የፍስኩ ድስት ወረደ፣ ዶሮው ተሠራ። ጽዮን በጠዋት ተነሥታ እንቁላል በቅቤ ጠበሰች፣ በሳህን አድርጋ፣ በማንኪያ። ሽታው ቤቱን ሞላው። አሠራሩን አልነቅፍም።

ሳሌም አፏን ገጠመች። «ከእማማ!» አለች። «ከእማማ እጅ!»

ማንኪያው አየር ላይ ቀረ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ምንድነው የተማርሽው፣ ልላት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ፊቷን አየሁት። አታለቅስም። ሳህኑን ብቻ ታየዋለች፣ ምግቡ ላይ ምን እንደጎደለ የምትፈልግ ትመስላለች።

«ላሟን ላያት» ብዬ ወጣሁ።

ላሟ ምንም አልሆነችም። ከግድግዳው ኋላ ቆምኩ። ብርድ ነበር። ሳሌም «እማማ! እማማ!» እያለች ጮኸች። አልገባሁም። ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝኩ፣ ለብርዱ። የራቤል ብርድ ፋሲካ አያውቅም። ብዙ ጮኸች። ከዚያ የጽዮን ድምፅ መጣ፦

«ኮኪ፣ እማማ እንዴት አድርጋ ነው የምታበላት?»

«በማንኪያ አይደለም፣ እማዬ። መዳፍሽ ላይ እሺው። ከድንች ጋር። ከዚያ አንቺ ዝም በይ፣ እሷ ትመጣለች።»

ጸጥ አለ። አንድ የሚነጫነጭ ነገር፣ እንደገና ጸጥ። ከዚያ የሳሌም ድምፅ፣ አፏ ሞልቶ፦

«እማዬ፣ ጨምሪ።»

ገባሁ። እናትና ልጅ መሬት ላይ ናቸው፣ ሳሌም ጉልበቷ ላይ። ቀና ብላ አላየችኝም እንኳ፣ ያቺ ከዳተኛ።

«ስትመለሺ ይዘሻቸው ሂጂ» አልኳት ጽዮንን።

«መኳንንት ይቆያሉ ብሎኝ ነበር እኮ… ምን አጠፋሁ፣ እማማ?»

«መኳንንት ምን ያውቃል፣ መሬት ይለካ! እኔ ጩኸታቸው ሰልችቶኛል። አሮጊት ነኝ፣ ልተኛበት። ቤቱ ጠባብ ከሆነ ተጠጋጉ፣ ብርድም አይመታችሁ። ስትተኛ እግሯን ሆድ ላይ ትለጥፋለች፤ አትግፊያት።»

ሳሌምን እንደታቀፈች ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች።

«ተይ፣ ተይ! መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ፣ ቀሚሴን እንቁላል ታስነኪዋለሽ!» አልኳት። አዲስ ቀሚስ ነው።